ቅቤ የጠጣ ደጋን

[በጣሊያን ጊዜ። አዝማሪው ወልደማርያምና እህቱ አስካለ ሸዋ ሮቢት ካለው የጣሊያን ሰፈር ተባረው፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ወልደማርያም የማሲንቆውን ደጋን በጋቢው ጫፍ ይፈትጋል።]

ወልደማርያም፦ ቅቤ! ደጋን ቅቤ ይቀባል? አናትሽ መሰለሽ?

አስካለ፦ ጭራው ደርቆ አሳዘነኝ፣ ወንድም ጋሼ። የሮቢት ፀሐይ እኮ ነው።

ወልደማርያም፦ አሳዘነሽ! ጭራ ሙጫ እንጂ ቅቤ አይወድም! ሃያ ዓመት አብረሽኝ ስትዘፍኚ ይቺን አታውቂም?

አስካለ፦ ገበያ ከእትዬ ራህመት የገዛሁት ቅቤ እኮ ለጋ ነው።

ወልደማርያም፦ ለጋ ትላለች እንዴ! በዚያ ሁሉ ሹም ፊት ብስበው፣ ብስበው፣ ጭጭ! ትልቁ ጣሊያን ሲስቅብኝ አላየሽም?

አስካለ፦ አየሁ። ጥርሱ ወርቅ ነው አይደል?

ወልደማርያም፦ ወይ ፈጣሪዬ! ከአንድ ማሕፀን መውጣታችንን ማን ያምናል? ሰው "ወልደማርያምና እህቱ" ሲል አፍራለሁ። የምመታው እኔ፣ የምገጥመው እኔ። አንቺ ከኋላዬ "እህ" ከማለት በቀር ምን ሙያ አለሽ?

አስካለ፦ "እህ" ማለትም ትንፋሽ ይፈጃል።

ወልደማርያም፦ ዛሬ ስማችን የሚወጣበት ቀን ነበር! አስተርጓሚው ገበያ ድረስ መጥቶ "ዱር ላሉት ጀግኖች የገጠምከውን ተጫወትልን፣ ሹሙ ጀግና ይወዳል" ሲለኝ ምን አልኩት?

አስካለ፦ "አንድ ሳይቀር እጠራቸዋለሁ" አልከው።

ወልደማርያም፦ ከነአባታቸው፣ ከነመንደራቸው! እኔ እንደ ሌላው አዝማሪ "አንበሳው፣ ነብሩ" እያልኩ አላልፍም። ሙገሳ ማለት ዘር ቆጥሮ፣ አገር ጠርቶ ነው።

አስካለ፦ ያ ወረቀት ዘርግቶ የተቀመጠው ቀጭኑ ሰውዬስ ምን ሊሠራ ነው?

ወልደማርያም፦ ግጥሜን ሊጽፍ ነዋ! ሮም ሊልከው!

አስካለ፦ ሮም ላሉት የጀግናው የአደም መንደር ምን ያደርግላቸዋል?

ወልደማርያም፦ ለአህያ ማር አይጥማትም አሉ! ለሙያው ነዋ!

አስካለ፦ ዱር ያለው አየለ ስንቅ የሚቀበለው ከማን ቤት እንደሆነም ግጥሙ ውስጥ አለ?

ወልደማርያም፦ አለ እንጂ! አብልቶ የላከን ሰው አለማመስገን ነውር... [እጁ ይቆማል።]

አስካለ፦ መዝጊያውስ? እስቲ በላት።

ወልደማርያም፦ መዝጊያውማ እንደ ልማዳችን አዝማሪው ራሱን ይጠራል።
"ከአደም ጋር የበላሁ፣ ከአየለ ጋር ያደርኩ፣
እኔ ወልደማርያም፣ ቀወት የተወለድኩ..."
[ድምፁ ይሰልላል።]

አስካለ፦ አንተም ከነመንደርህ። ቀጭኑ ሰውዬ ምንም አይደክምም ነበር።

ወልደማርያም፦ [አንገቱን እየዳሰሰ] አንቺ... አውቀሽ ነው የቀባሽው?

አስካለ፦ ሙጫና ቅቤ መለየት የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው።

ወልደማርያም፦ ታዲያ አፍ የለሽም? አትነግሪኝም?

አስካለ፦ ሃያ ዓመት ስናገር አንድ ቀን ሰምተኸኝ ታውቃለህ? ካንተ ደጋኑ ይሻላል ብዬ ነዋ።

[ወልደማርያም መፈተጉን ትቶ ጋቢውን ይሰበስባል።]

ወልደማርያም፦ አስካለ... አስተርጓሚው "ደጋኑን አድርቃችሁ እሑድ ተመለሱ" ብሏል። ብንቀር ደግሞ ይፈልጉናል።

አስካለ፦ ሰምቻለሁ።

ወልደማርያም፦ [ደጋኑን ቀስ ብሎ ወደ እሷ እየገፋ] እትዬ ራህመት ቅቤ ይዘው ገበያ የሚወጡት... ማክሰኞ ነው ወይስ ሐሙስ?