የካርቱኑ ሟች በጋሽ በላቸው ድንኳን

የለቅሶ ቤት ወሬ የራሱ መንገድ አለው። መጀመሪያ ስለ ሟች ሕመም ይጠየቃል፤ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይባልና ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ አንዱ ሳያስበው የዘንድሮውን ስንዴ ያነሣል፤ ሌላው ኮምባይነር ተራ ጠብቆ እንዳጣ ያማርራል፤ ከስንዴው ወደ ኳስ፣ ከኳሱ ወደ ሐሜት ይኬድና፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ከአንዱ ጥግ ሳቅ ያመልጥና በጋቢ ይታፈናል። እናንተም ስቃችኋል፤ አትካዱ። ሟችን ስለምንንቅ አይደለም። ሰው ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዘን ስለማይችል ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት መሆኑን ግን አልደብቃችሁም፤ እኔ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካወራሁት የባሰ ያወራ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ አንድ ገመናዬን ላውጣ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ ሮቤ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ካርቱን አያለሁ። የልጆች ካርቱን አይደለም ብዬ ብከራከር ደስ ይለኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን «ሥዕል ከተንቀሳቀሰ ካርቱን ነው» ብላ መዝገቡን ዘግታዋለች። ከደመና በላይ ስላለ አገር፣ ስለ ጠንቋዮችና ክንፍ ስላላቸው ፈረሶች የሚተርክ ረጅም ተከታታይ ነው። በዚህ ከተማ ምሥጢሬን የሚያውቀው ወዳጄ ደረጀ ብቻ ነው፤ እሱም ያው በሽተኛ ስለሆነ። ደረጀ ጎባ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ይሠራል፤ ቤቱ ግን እኛው ሰፈር ነው። ሁለታችን ስንገናኝ ድምፃችንን ዝቅ ስለምናደርግ ሰው ፖለቲካ የምናወራ ይመስለዋል።

ያን ሰሞን ያጣላን አንድ ገጸ ባሕርይ ነበር። በተራራው አፍ ላይ ያለውን ትልቅ በር የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ሁለት ሲዝን ሙሉ ከደጃፉ አይነሣም፤ ለጠየቀው ሁሉ መልስ አይሰጥም፤ ሰይፍ አይመዝ፣ ድግምት አይደግም። በመጨረሻው ክፍል ላይ ድንገት ይሞታል፤ በሩ ፊት ባዶ ወንበሩ ብቻ ይታያል። ደረጀ «ደራሲዎቹ ሥራ ቢያጡለት ገደሉት» አለ። እኔ «የታሪኩ ምሰሶ እሱ ነው» አልኩ። በስልክ ተከራከርን፤ ባጃጅ ውስጥ ተከራከርን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ወረቀት አይደለንም።

በዚህ መሀል ጋሽ በላቸው ሞቱ።

ጋሽ በላቸው አጥር ለአጥር የሆንን ጎረቤቴ ነበሩ። ከእህል መጋዘን በጡረታ ከወጡ ወዲህ በበራቸው ፊት በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ለዓመታት ትውውቃችን ይኸው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው እኔን ቢያይ ኖሮ ተረቱን ትንሽ ያሻሽለው ነበር።

በቀብሩ ማግሥት ከሰዓት በኋላ እኔና ደረጀ ድንኳኑ ውስጥ የኋለኛው ጥግ ላይ ተቀምጠናል። ከሳነቴ አምባ በኩል የሚወርደው ብርድ ሸራውን ያርገበግበዋል። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ስንዴው ላይ ደርሰዋል። ደረጀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና ያቋረጥነውን ክርክር ካቆመበት ቀጠለው።

«ለእኔ እንደሆነ ድሮ መሞት የነበረበት ሰውዬ ነው» አለኝ።

«ለምን?»

«ምን ፈየደ? ደጅ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ከማየት በቀር ምን ሠራ? ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።»

ደሜ ፈላ። የት እንደተቀመጥኩ ረሳሁት። «አልገባህም» አልኩት። «ዝም ያለው የሚለው አጥቶ አይደለም። ቢናገር ሰው ይከፋዋል ብሎ ነው ውጦ የተቀመጠው። እሱ ደጁ ላይ ስላለ አይደል እንዴ ውስጥ ያሉት ተኝተው የሚያድሩት? አንድም ቀን ያመሰገነው የለም፤ እሱም ምስጋና አልጠበቀም። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዋጋ የሚታወቀው ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው።»

እንዲህ ያለ አማርኛ ክፍል ውስጥ ወጥቶልኝ አያውቅም።

ሸራ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጆሮ አይጋርድም። ከጀርባችን፣ ከሸራው ወዲያ፣ ወደ ማድ ቤት የሚያሳልፍ መንገድ ነበር። ትንሽ ቆይተው የሟች ባለቤት እትዬ አስካለ ዞረው መጡና ከፊቴ ቆሙ። እኔም ደረጀም ተነሣን። ሁለት እጄን ያዙ።

«ተባረክ፣ መምህር» አሉኝ። «ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ ‹ሳቂታ ነበሩ፣ ተጫዋች ነበሩ› ሲለኝ ውሏል። በላቸው ተጫዋች! የማላውቀውን ሰው ነው የሚያለቅሱልኝ። አንተ ግን አወቅህልኝ። ዝምታውን አወቅህልኝ።»

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ደረጀ መለሱ። አይተውት፣ አይተውት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ደረጀ እጄን ጎትቶ ከድንኳኑ አወጣኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሂድና ንገራቸው!» አለ። «የሞተን ሰው ለቅሶው ላይ የሰደብኩ ሆኜ ልቀር ነው?»

«ምን ብዬ? ‹እትዬ አስካለ፣ በባለቤትዎ ድንኳን ቁጭ ብለን ስለ ካርቱን ነው ያወራነው› ልበል?»

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሟችን ማማት ይብሳል ወይስ ጨርሶ መርሳት? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሁለቱም ከደረሱ በኋላ መልሶ መትከል የለም። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩለት። ቤቴ ገብቼ ግን ራሴን ታዘብኩት። ወዳጄ በእኔ ፈንታ ተኮንኖ እኔ ተመርቄአለሁ፤ ምርቃቱም ጥሞኛል። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

በማግሥቱ ለመናዘዝ ቆርጬ ሄድኩ። ለካ ጅማ የምትማረው ልጃቸው ሰናይት ደርሳለች። በስልክ መርዶ አይነገርምና «አባትሽ ትንሽ አሞታል» ተብላ ነው የተጠራችው፤ እውነቱን የሰማችው ሰፈሩ ስትደርስ ነው። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ዓይኗ አብጦ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። እትዬ አስካለ ሲያዩኝ ከአጠገባቸው ሰው አስነሥተው ቦታ ሰጡኝ።

«ለልጄ ንገራት» አሉኝ። «ስለ አባቷ ያልከውን፣ ልክ እንዳልከው።»

ደረጀ መግቢያው ላይ ቆሞ ያየኛል። እውነቱን መናገሪያው ቦታ ይኸው ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ዝም ያሉት የሚሉት አጥተው አይደለም...» ሲል ሰማሁት፤ የራሴ አፍ ነው። አንዴ ከጀመረ በኋላ ማን ይመልሰው! ሰናይት እያለቀሰች ታዳምጣለች። እኔም ላቤ እየወረደ ቀጠልኩ፤ «ያንን የተራራ በር እሳቸው ባይጠብቁት ኖሮ ውስጥ ያሉት ተኝተው አያድሩም ነበር» አልኩ።

የተራራ በር! ባሌ ውስጥ ሁሉም ነገር ከተራራ ጋር ስለሚያያዝ ማንም ልብ አላለውም። ሰናይት ግን ልቅሶዋን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ ዓመት አካባቢ ያለች ልጅ ናት፤ እኔ ተደብቄ የማየውን እነሱ በአደባባይ ነው የሚያዩት። አወቀችው። ክፍሉን ሳይቀር አወቀችው። ንግግሬን መሀል ላይ አቆምኩ።

«ይቀጥሉ እንጂ ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። እናቷ እጇን ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በምን ልቀጥል? የካርቱኑ ሰውዬ ታሪክ እዚያ ላይ አልቋል። ስለ ጋሽ በላቸው የማውቀውን ብፈልግ ከአንድ በርጩማ ሌላ አጣሁ። የበር ጠባቂው እናቱ በምን እንደሞተችበት፣ የትኛውን ወንድሙን ይቅር እንዳላለ ለሰዓታት ማስረዳት እችላለሁ፤ አጥር የምጋራቸውን ሰው የትውልድ አገራቸውን እንኳ አላውቅም። «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ተነሣሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰናይት እስከ ውጭ ሸኘችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ለእማዬ እንዳይነግሯት» አለች። «ሌሊት ትንሽ የተኛችው ያንን እያሰበች ነው። ጓደኛዎ ያማው ሌላ ሰው ነው እላታለሁ፤ ውሸትም አይደለም።»

«ሰናይት፣ ይቅርታ...»

«አርባው ላይ ስለ አባቴ እንዲናገሩላት ትጠይቅዎታለች። እምቢ አይበሏት። እስከዚያ ግን ሰው ይጠይቁ። ያን ቀን የሚናገሩት ስለ አባቴ ይሁን።» መልስ ሳትጠብቅ ተመለሰች። ተማሪ የቤት ሥራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሥራዬን ጀመርኩ። ባለሱቁን ብጠይቅ «ዝምተኛ ነበሩ» አለኝ። ፀጉር አስተካካያቸውም «ዝምተኛ ነበሩ» አለኝ። የእድሩ ዳኛ ብዙ አሰበና እሱም ያንኑ አለኝ። በመጨረሻ ሰዎች ወደ ኦቦ ሁሴን መሩኝ፤ ከጋሽ በላቸው ጋር መጋዘን ውስጥ አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። ቤታቸው በጎባ መውጫ በኩል ነው። ማን እንደሆንኩና ከየት ሰፈር እንደመጣሁ ነግሬ ገባሁ።

«ባጋ ናጋን ዹፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። አስቀመጡኝ፤ እርጎ አቀረቡልኝ። ስለ ጋሽ በላቸው እንዲያጫውቱኝ እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊቴን አተኩረው ያዩኝ ጀመር።

«እኔ?» አሉ። «እኔ የማውቀው የመጋዘኑን በላቸው ነው፤ ሥራ ላይ ደግሞ ከአፉ ቃል አይወጣም። ጡረታ ከወጣን በኋላ ገበያ ላይ ሳገኘው ‹አሁን ከማን ጋር ትውላለህ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹አንድ መምህር ወዳጅ አለኝ፣ አጥር ለአጥር ነን፣ ጥሩ ሰው ነው› አለኝ። አንተ ነህ አይደል?»

እርጎው እጄ ላይ ቀረ። ነኝ አልኩ።

«እንግዲያው ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል?» አሉ ኦቦ ሁሴን። «አርባው ላይ ኢንሻአላህ እመጣለሁ። የምትለውን ለመስማት።»