የማይጠብቅ አለቃና የማይጠብቅ ፕሮግራም

ሰው ልኮ፣ የተላከው ሳይመለስ «ሥራው ተጠናቋል» የሚል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቦንጋ ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። የላኩት ሰው ከግቢው ሳይወጣ ሪፖርቱ ላይ ይፈርማሉ!

አንድ ቀን ከሦስቱ ጣቢያዎቻችን፣ ከዋጫ፣ ከደካና ከማንኪራ፣ የችግኝ ሪፖርት የሚያሰባስብ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንድሠራ አዘዙኝ። ለሰኞ ግምገማ ካልደረሰ ኮንትራቴ አይታደስም። «ሲ» (C) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩት፤ ለየቦታው አንድ አንድ ትሬድ ፈጠርኩ። ትሬድ ማለት ዋናው ፕሮግራም የሚልከው ሠራተኛ ነው በሉት። አስነሳሁት። ወዲያው «ተጠናቋል» ብሎ ተዘጋ! ገጹ ግን ባዶ። ለካ ዋናው ፕሮግራም ሳይጠብቅ ሲዘጋ፣ የላካቸውም ሥራቸውን ሳይጨርሱ አብረውት ይጠፋሉ። ማንን ይመስላል? ቁርጥ ጋሽ ወልዴን!

ሁለት ቀን ሙሉ ከታገልኩ በኋላ «ሁሉም እስኪጨርሱ ጠብቅ» የሚለውን ትእዛዝ ጨመርኩ። ዋጫ ገባ! ደካ ገባ! ማንኪራ ጫካ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ልቤ ሊቆም ሲል፣ እሱም እያዘገመ ገባ! ወንበሬን ገልብጬ ዘለልኩ። ጋሽ ወልዴን ከቢሯቸው እየጎተትኩ አመጣኋቸውና ሁለቱንም ፕሮግራም ተራ በተራ አሳየኋቸው። ባዶውን አዩ፣ ሙሉውን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«ጎበዝ፣ ኮንትራትህ ይታደሳል!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ለሰኞ ግን የመጀመሪያውን አዘጋጅልን። እሱ ሥራ ያውቃል።»