ቢጫ ዓይኗ መኪናና የኔ ብርጭቆ ወረቀት

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ግን ወሬው ሰቆጣን ሁለት ጊዜ ስለዞራት፣ ቢያንስ ከባለቤቱ አፍ ስሙት!

በመኪና መብራት ምክንያት ሚስት ላጣ ነው።

አዎ፣ በመብራት። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ትርንጎን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ለማታውቋት፦ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ጋዝጊብላ እናት አባቷ ዘንድ ሆና የምታስተምር፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ "ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?" እያለች የጠበቀችኝ ልጅ ናት። ቀኑ ዛሬ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ በማለዳ አባቷ በር ላይ ሊቆሙ።

የሚሄዱት በአጎቴ በጋሼ ደሳለ መኪና ነው። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የፊት መብራቶቿ ከእርጅና ብዛት ቢጫ ሆነዋል። የገበያ ቀን ከሩቅ ብቅ ስትል መንገደኛው ሁሉ "ቢጫ ዓይኗ መጣች!" ይላል።

እኔ ደግሞ አፈርኩባት። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩባት። የትርንጎ አባት ደጅ ላይ እንዲህ ያለች መኪና ትቁም?

ትናንት ከሰዓት መቀመጥ አቃተኝ። ሸሚዜን ሁለቴ ተኮስኩ። እኔ እኮ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልሄድም! ደንቡ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ለማን ብዬ እንደተኮስኩ አላውቅም። ስልኬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ።

ከዛ ያቺ ቪዲዮ መጣች።

አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ እያወራ የመኪና መብራት በጥርስ ሳሙና ያሻል። ያሻል፣ ያሻል፣ ያጥባል፣ ዋው!

ሞከርኩት። ሠራ!

የምሬን ነው፣ ሠራ። ቢጫው ግማሽ ያህሉ ለቀቀ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ እጁን ታጥቦ ራቱን ይበላል።

እኔ ግን ቪዲዮውን ቀጠልኩ። ሰውዬው አሁን ብርጭቆ ወረቀት ይዟል። ከወረቀቱ ጀርባ የሆነ ቁጥር እያሳየ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገራል። ቁጥር ማን ያያል!

እኛ ቤት ደግሞ አናጢው በር ሲሠራ ትቶት የሄደው ብርጭቆ ወረቀት አለ። ሻካራ ነው፣ ግን በሩን አለስልሶታል። በር ያለሰለሰ መብራት ያቅተዋል?

ደግሞ እስኪ አስቡት፣ ስሙ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ነው! ለብርጭቆ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

አትሳቁ። ከእናንተም ውስጥ እንዲህ ያሰበ አለ።

ፈተግኩት። ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩት። ውሃ ስደፋበት ጥርት አለ፣ ውስጡ ያለው አምፖል ሳይቀር ታየ! ፎቶ አንስቼ ለትርንጎ ላክሁላት። "እንዴ፣ አዲስ መኪና ነው?" አለችኝ። እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዛ ደረቀ።

እርጎ ሆነ! ሁለቱም መብራት እርጎ!

ውሃ ደፋሁ፣ ጠራ። ደረቀ፣ እርጎ። እንደገና ደፋሁ። እንዲህ እያልኩ አንድ ባልዲ ውሃ ጨረስኩ። ለጋሼ ደሳለ መናገር ነበረብኝ። ቢያንስ መናገር!

በምትኩ የእህቴ ቫዝሊን ትዝ አለኝ።

ቀባሁት፣ አበራ። ጋሼ ደሳለ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ዙሪያዋን አይተው "ወይ ጉድ! አዲስ አደረግካት እኮ። እጅህ ይባረክ!" አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን ያልኩበት ምላሴ ይቆረጥ።

ዛሬ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሄዱ። ከዛ በኋላ ያለውን የሰማሁት በስልክ፣ ከግቢ በር እስከ ጓዳ እየተመላለስኩ ነው።

ከተማውን እስኪለቁ ሰላም ነበር። አቧራማው መንገድ ሲጀምር አቧራው ቫዝሊኑ ላይ ተለጠፈ። ቀስ በቀስ መብራቱ ጠፋ። ጋሼ ደሳለ ባትሪው የደከመ መስሏቸው፣ ካቆምኳት አትነሳም ብለው እየተንፏቀቁ ቀጠሉ።

ቤቱን ጋሼ ደሳለን ጨምሮ አንድም የሚያውቅ የለም። ለዚህ ተብሎ የትርንጎ ታላቅ ወንድም መገንጠያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የተነገረው አንድ ነገር ነው፦ "ቢጫ ዓይኗን ስታይ አስቁም።"

ቢጫ ዓይን የታለ? እኔ ፍቄዋለሁ! ልጁ የሌላ ሰው መኪና መስሎት አሳለፋቸው።

እነሱም ወንድምየው ቀርቶ ነው ብለው ወደፊት ሄዱ፤ ከመንገዱ ዳር መብራት ያለበት ቤት ሲያገኙ ይሄ ነው ብለው ወረዱ። ደጁ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ወጡ፤ እማማ ዘነቡ ይባላሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መምሬ ካሳ እጅ ነስተው "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሏቸው።

እማማ ዘነቡ የበሩን መቃን ያዙ። ከዛ "ልጄ እኮ ዓረብ አገር ናት። ልትመጣ ነው እንዴ? ነግራችሁ ነው?" አሉ።

ይሄን ስሰማ መመላለሴን አቆምኩ። አፍሬ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

መምሬ ካሳ እንደምንም አስረዷቸው። እማማ ዘነቡም ዓይናቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጋቢና ገብተው መንገዱን አሳዩ። የትርንጎ ቤት ሲደርሱ ፀሐዩ ከሯል። አባቷ ከማለዳ ጀምረው ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"ምነው ሰው እንዲህ ይንቃል?" አሉ።

ጋሼ ደሳለ ደንግጠው መብራቱን በጣታቸው ጠረጉና አሸተቱ። "ቫዝሊን!" አሉ። በሳሙናና በውሃ አጠቡት፣ ጠራ። ከዛ ሁሉም ቆመው እያዩት፣ አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ሰውዬ እያዩት፣ ደረቀ።

እርጎ!

"ማነው እንዲህ ያደረጋት?"

"ሙሽራው" አሉ ጋሼ ደሳለ። የገዛ አጎቴ!

ያዳኑኝ እማማ ዘነቡ ናቸው። "ልጅህን ሊያከብር ብሎ ነው ያበላሸው። ለኔ ልጅ እንዲህ የሚለፋ ቢመጣልኝ ዛሬውኑ እሰጠው ነበር" አሏቸው።

አባቷ መብራቱን እንደገና አዩት። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ስትመጡ ግን በቢጫ ዓይኗ ኑ። እኔ የማውቃት እሷን ነው" አሉ።

ቀልድ ይሁን የምር ማንም አላወቀም። ትርንጎን ደውዬ ጠየቅኳት። "እኔም አልገባኝም። ግን ስማኝ፣ እኔን ላሳምር ብለህ ደግሞ እንዳትነካኝ!" ብላ ዘጋችው። አፏን በእጇ ሸፍና እንደነበር ከድምጿ ያስታውቃል። እሱን ይዤ ነው እስካሁን የቆምኩት።

ጋሼ ደሳለ ከተመለሱ ጀምሮ ሰላምታዬን አይቀበሉም። በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር "ፕላስቲክ ነው! ብርጭቆ አይደለም፣ ፕላስቲክ!" ይላሉ።

እና ወገኖቼ፣ ሁለት ሳምንት ነው ያለኝ። የነጣ መብራት መልሶ ቢጫ የሚሆነው በምንድን ነው? አንዱ "በእርድ እሸው" ብሎ ኮሜንት ጽፎልኛል።

እርዱን ከኩሽና አምጥቼዋለሁ። አስቁሙኝ!