ስቪለን ዘጠኙን መስመር አንድ ያደረጉበት ዘመቻ

እሜቴ ራይና በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሩሴ ከተማ የኮምፒውተር ኮድ ክበብ ተማሪዎችን የልምምድ መልስ በጠበቁ በሦስተኛው ዓመት፣ ቼሪ በቀላበት በሰኔ፣ በዕለተ ዓርብ፣ ስቪለን ወልደ ኦግኒያን፣ ባለ መነጽሩ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ የማይዋጉቱ፣ ለዘመቻ ተነሡ። የተከተሏቸውም ድመቷ ማጻ በግራ፣ ባኒጻ ከሚሉት የአይብ ቂጣ ሁለት ቁራጭ በቀኝ፣ እግሩ የላላ ወንበር ከሥር።

እሜቴ ራይና በማለዳ በክበቡ የኢንተርኔት ገጽ እንዲህ ሲሉ አውጀው ነበርና፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የተማሪ መመዝገቢያው ልምምድ መልስ ዘጠኝ መስመር ሆኖ ጀማሪ እያደናገረ ነው። እስከ ቀትር ሳያበላሽ ያሳጠረው ስሙ ከገጹ አናት ይጻፋል። ሞክሮ ያቃተው በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪ ያስተምራል። ዓሣ ማጥመድ የሚባል ነገር የለም።»

የመጨረሻዋ ለማን እንደ ተወረወረች ስቪለን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጠምዱበት ዳኑብ ራሱ ያውቃል።

ጠላትየውም ይህ ነበር፦ ከትምህርት ቤቱ ሰባት ክፍሎች አንዱን ሲጠሩለት የክፍሉን ልጆች ዝርዝር የሚሰጥ መዝገብ። ኮዱ ክፍሉ መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ ባዶ ዝርዝር ይከፍታል፤ ያስቀምጠዋል፤ ያስቀመጠውን መልሶ ያወጣል፤ ስም ይጽፍበታል፤ እንደገና ያስቀምጠዋል። ሴት ድስቷን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ መልሳ ሰቅላ፣ ደግሞ አውርዳ ሽንኩርት ብትከት ጎረቤት ምን ይላታል?

በመጀመሪያው ግጥሚያ ስቪለን ቸኮሉ። አንዱን ባዶ ዝርዝር ለሰባቱም ክፍል አደሉና መስመሩ ሦስት ሆነ፤ ባኒጻም ጎረሱ። ነገር ግን ዝርዝሩ ያው አንዱ ነበርና፣ አንደኛ ክፍል የተመዘገበችው ዮአና ሰባቱም ክፍል ውስጥ ተገኘች። ኮዱ መሥራቱን የሚመረምሩት መፈተኛዎች ሁሉ ቀይ አበሩ። ዳግመኛም አዋጅ ወጣ፦

«ስቪለን፣ አንዷን ልጅ ሰባት ቦታ ጎልተሃታል። ስንት ቦርሳ ትሸከም? ለቀትር ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፤ መንጠቆህን ጠቅልለህ ስቀል።»

ወእምዝ ስቪለን፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ፣ የቋንቋውን መመሪያ ገለጡ። በዚያም ከጥንት ተጽፎ ሳለ በስንፍና ማንም ያላነበበው ትእዛዝ ተገኘ፦ ካለ ስጠኝ፣ ከሌለ ለዚህ ክፍል ብቻ አዲስ ከፍተህ ስጠኝ። ይህን ጻፉ፤ ከጎኑ ስሙን ጨመሩ፤ አለቀ። አንድ መስመር። ቀትር ሳይደርስ መፈተኛው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። የእሜቴ ራይናም የመጨረሻ አዋጅ ወጣ፦

«ዘጠኙ መስመር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። የስቪለን ስም ከአናት ይጻፍ። ዮአናም አንደኛ ክፍል አርፋ ትቀመጥ።»

ስምንት መስመር ገዳይ ስቪለን! ሌላው ጀግና ባቆመው ይታወቃል፤ እርሳቸው በደመሰሱት፤ ሐውልታቸውም ባዶው ቦታ ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ ዳኑብ ዳር ውለው አንድም ዓሣ አልያዙም፤ ከክብራቸው ግን ቅንጣት አልጎደለም።