አሰልጣኝ የሚሾመው እንጨት ላጊ

በዚህ ዓለም ላይ ማንም ሳይሾመው ሌላውን የሚሾም ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእግር ኳስ ደጋፊ ነው። ንጉሥ እንኳ ለመሾም መጀመሪያ መንገሥ ነበረበት። ደጋፊ ግን ቁርሱን ሳይቀምስ ሁለት አሰልጣኝ ያባርራል፣ ሦስተኛውን ያጫል፣ አራተኛውን «እሱማ ለኛ አይመጥንም» ብሎ ከደጅ ይመልሳል። «ለኛ» የሚለው ክለብ ያለው ባሕር ማዶ ነው። የክለቡ ሰዎች ይህን ሰው በሕልማቸውም አያውቁት።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ ከጎናችሁ ቁጭ ብሎ፣ ምን እንዳመማችሁ ሳይጠይቅ፣ «ማን የሚመጣ ይመስልሃል?» ያላችሁ እሱ ነው። በጠዋት ደውሎ «ሰውዬው ተሰናበተ!» ብሎ ልባችሁን ቀጥ ያደረገው፣ የማን ዘመድ ሞተ ብላችሁ ስትርበተበቱ ስለ አሰልጣኝ መሆኑን የነገራችሁ እሱ ነው።

ለኛ የእንጨት ሥራ ቤት የደረሰው ሰው ማዕረጉ «ክቡር ሿሚ» ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለስድብ ነበር፤ እሱ ግን አመስግኖ ተቀበለ። መላጊያ ማሽን ላይ ይሠራል። እኔ የዕቃ ክፍሉን እጠብቃለሁ፤ ሚስማር፣ ኮላና የብርጭቆ ወረቀት አወጣለሁ። ክቡርነታቸው ኮላ ሊወስዱ ወደ መስኮቴ ይመጣሉ። ኮላው ይቀራል። ቡሎኖቼን ባንኮው ላይ ይደረድራሉ፤ አራት ከኋላ፣ ሦስት መሃል፣ ሦስት ከፊት። «እንዲህ አድርጎ የሚያሰልፍ በምድር ላይ አንድ አሰልጣኝ ብቻ ነው፤ ባለ ሻርፑ። ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው!» ይላሉ።

ያለቀ ጉዳይ ነው! ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቼ ያለቀ ነገር አይቼ አላውቅም። ማን ነገረህ ስትሉት «ምንጮቼ» ይላል። ምንጮቹ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይና የፀጉር አስተካካዩ ስልክ ናቸው።

ሚስቱ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ልጃቸው የተወለደ ቀን ነርሷ ወጥታ «ወንድ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት» ስትለው፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ «ከክለቡ ጋር ተስማማ ወይ?» አላት። የጎረቤታችን ቀብር ላይ ደግሞ አፈር እየተመለሰ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። «ምስኪን፤ አዲሱን አሰልጣኝ ሳያይ ሄደ» አለኝ።

ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ሰው በገዛ ምላሱ ቢጃጃል ምን አገባኝ? ያላስቻለኝ የፎርማኑ ጉዳይ ነው።

ፎርማናችን ጡረታ ወጣ። ሲሰናበት የድርጅቱን ባለቤት፣ ጋሼን፣ «አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ የሚተካኝን ሠራተኞቹ ይምረጡ» አለው። ጋሼ ቃል ገባ። ለውድድር የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ እትዬ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቫርኒሽ ስትቀባ የኖረች፣ የእንጨቱን ሕመም በመዳፏ የምታውቅ ሴት። ሁለተኛው የጋሼ የእህት ልጅ ነው።

የእህት ልጅ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አምና ፎርማኑ ታሞ ሳምንት ሲተካው፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ የክብ መጋዙን መከላከያ ሽፋን አስነቀለ። በሦስተኛው ቀን የመጋዙ ሠራተኛ ሁለት ጣቱን እዚያው አጣ። አምስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። እትዬ ናት እጁን በሽርጧ ጠቅልላ ሐኪም ቤት ያደረሰችው። ሽፋኑ እስከ ምርጫው ቀን አልተመለሰም፤ «ይገባል፣ ይገባል» እየተባለ ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ ነበር። እንግዲህ የምንመርጠው ፎርማን ብቻ አልነበረም፤ በየቀኑ ይዘን ገብተን ይዘን የምንወጣውን እጃችንን ነበር።

የእህት ልጅም ሞኝ አይደለም። ከመረጣችሁኝ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ፣ ጨዋታ ባለ ቀን በግልጽ ታያላችሁ አለ። ስድስት ሰው ወዲያው ልቡ ቀለጠ። ሌሎቻችን የክቡር ሿሚን ፊት አየን። ፊቱ በርቷል።

«ስማ» አልኩት፣ «አንተ ማንን ልትመርጥ ነው?»

«ባለ ሻርፑን ነዋ!»

«ፎርማን ነው የምልህ!»

«እ፣ እሱን እናያለን» ብሎ ቡሎኖቼን መደርደር ጀመረ።

ደም ሥሬ ተገታተረ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው! ባሕር ማዶ ያለውን ሰውዬ ዕድሜውን፣ የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ለምን እንደተጣላ ሁሉ ያውቃል። ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ መጋዝ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ «እሱን እናያለን»! አንድ ክቡር ሿሚ ቢሆን ባልተናደድኩ። በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ የሞላው ይህ ሰው ነው። ድምፅ በሌለው ቦታ ይጮኻል፣ ድምፅ ባለው ቦታ ቡሎን ይደረድራል።

ምርጫው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሆነ። ጋሼ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሣጥን ባንኮዬ ላይ አስቀመጠ። ባንኮው ላይ ግን ከዚያ በፊት የተቀመጠ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ነበር፤ ክቡር ሿሚ ለአሰልጣኙ ትንበያ ያዘጋጁት። ሰው ሁሉ አንድ ወረቀት ወደዚያ፣ አንድ ወረቀት ወደዚህ ከተተ። እኔ ደግሞ ወረቀት ላለማባከን ብዬ ሁለቱንም ከአንድ የትእዛዝ ደብተር ቀድጄ አደልኩ።

ጋሼ ሣጥኑን ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበ። እትዬ ስድስት። የእህት ልጅ ስድስት። አሥራ ሦስተኛዋን ወረቀት ፈታ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ እንደገና አየ።

«ባለ ሻርፑ» አለ። «ማን ነው ባለ ሻርፑ?»

የመጋዙ ሠራተኛ አንገቱን ደፋ። የእህት ልጅ ግን በደንብ ሣቀ።

«ይህች ተበላሽታለች» አለ ጋሼ። «እኩል ስለሆነ እኔ እወስናለሁ።» እንዴት እንደሚወስን ደግሞ ግድግዳውም ያውቃል።

እሳት ጎረስኩ። «አንተ!» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በቴሌቪዥን ሸጥከን! አንተ ለሰው እጅ ደንታ የለህም!»

ክቡር ሿሚ ላቡ ወረደ። የማን ወረቀት እንደሆነች በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም፤ ዝም ቢል ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ከቆመበት ወደ ፊት ወጣ።

«ጋሼ፣ ያቺ ወረቀት የኔ ናት። ተሳስቼ ነው የከተትኩት። የፎርማን ምርጫ ወረቀቴ ያ ቆርቆሮ ውስጥ አለች። ይከፈትልኝ።»

የእህት ልጅ ሣቁን አቁሞ «አስበህ ተናገር ወንድሜ፤ ነገም እዚሁ ነህ» አለው።

«አስቤያለሁ። ይከፈት!»

ከዚያ ወደኔ ዞረና «አንተ ደግሞ አትጩህብኝ! ሁለቱንም ከአንድ ደብተር የቀደደው ማን ሆነና ነው?» አለኝ።

ቆርቆሮው ተከፈተ። ባለ ሻርፑ፣ ባለ ሻርፑ፣ ራሰ በራው፣ ባለ ሻርፑ... ከመሃል አንዲት ወረቀት ወጣች፤ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ከዳር እስከ ዳር ተጽፋለች። ሌላው ሰው ስም ብቻ ነው የጻፈው። ክቡር ሿሚ ግን ምክንያቱን ሳይዘረዝር ሾሞ ስለማያውቅ በምስጢር ድምፅ ላይም ዘርዝሯል። ጋሼ አነበበው፤ ድምፁ ወደ መጨረሻው እየቀነሰ ሄደ።

«እትዬ። ምክንያት አንድ፦ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት በእሷ ጥፋት የተጎዳ የለም። ሁለት፦ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ማሽን ከማስነካቷ በፊት ቁማ ታሳየዋለች። ሦስት፦ ያንኛው የሁለት ጣት ዕዳ አለበት፤ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀም። አራት፦ ቴሌቪዥኑን ወድጄው ነበር።»

የመጋዙ ሠራተኛ ቀና አለ። ግራ እጁን ከኪሱ አወጣና ባንኮው ላይ፣ ሣጥኑ አጠገብ አኖረው። ጋሼ እጁን አየ፣ ወረቀቷን አየ፣ የእህቱን ልጅ አየ።

«ሰባት ለስድስት» አለ።

እትዬ በነጋታው ሳይሆን በዚያው ሰዓት፣ ምሳዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ ሽፋኑን ከጥግ አስነሥታ በራሷ እጅ ጠረገችው። ሰኞ ጠዋት መጋዙ ላይ ነበር።

አሥር ቀን ሳይሞላ ክቡር ሿሚ ወደ መስኮቴ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ሴትዮዋ አላዋጣችንም» አለኝ በሹክሹክታ። «ትሰናበት!»

«ምን አደረገችህ ደግሞ?»

«ማሽን ላይ ስልክ ከለከለች! ባለ ሻርፑ ይፈርም አይፈርም በምን ልወቅ? ምኗን ልንገርህ!»

ጥፋቷን በጣቶቹ ይቆጥርልኝ ጀመር። ስልክ፣ አንድ። የእጅ ጓንት፣ ሁለት። ማሽን ሳይጠፋ አትጥረጉ ማለቷ፣ ሦስት። ግራ እጁ ሲሞላ ወደ ቀኙ ተሻገረ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ እያለ አሥር አደረሰው። ከአራት በኋላ ያለውን እውነቱን ለመናገር አልሰማሁትም። ዓይኔ ጣቶቹ ላይ ነበር፤ ሻካራ፣ ኮላ የደረቀባቸው፣ አንድም ሳይጎድል።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«ጨረስኩ!»

«እስቲ ከአንድ ጀምረህ ድገምልኝ።»