የእትዬ ጥሩሸዋ ኮሌታ

ሰው ሐኪም ይፈራል፣ ዳኛ ይፈራል ይባላል። ውሸት ነው። ሰው የሚፈራው ልብስ ሰፊ ነው። ሐኪም ያየብህን ለብቻህ ይነግርሃል፤ ዳኛም ምስክር ካልመጣ ዝም ይላል። ልብስ ሰፊ ግን ሜትሩን ትከሻህ ላይ እንደጣለ ያለብህን ጉድለት ሁሉ ወረፋ ለያዘው ሕዝብ ያነበንባል። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አንድ አይጠፋም። የኛዋ የዘመሮዋ እትዬ ጥሩሸዋ ናቸው።

ሊቀ መርፌ እትዬ ጥሩሸዋ የስፌት መኪና አይወዱም። "መኪና ይሮጣል እንጂ አያስብም" ይላሉ። ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ነው የሚሰፉት። አራት መርፌ ከንፈራቸው ላይ ይሰኩና በመርፌዎቹ መሀል ያወራሉ። እስካሁን መርፌም ሆነ ቃል ውጠው አያውቁም።

መጀመሪያ "አትተንፍስ! ትንፋሽ ልክ ያበላሻል" ይሉሃል። ከዚያ ይጀምራሉ። ቄስ ገብረ አማኑኤልን ሲለኩ፣ "አባ፣ መጾምዎን ሆድዎ ሰምቷል?" ብለዋቸዋል። ጎረቤቴን በዕውቀቱን ደግሞ፣ "ግራ ትከሻህ ወርዷል፤ ሚስትህ የምትቆጣህ በዚያ በኩል ሆና ነው?" አሉት። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ገበያ ሲወጣ ግራውን ሽቅብ ይዞ ነው።

እኔ በበራቸው ላለማለፍ ዙሪያውን ስሄድ ኖሬ፣ ልጄ ኮከብ ልታገባ ሆነ። ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ። ኮከብ፣ "ቀሚሴ ኮሌታ ይኑረው" አለች። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ኮሌታ አቁሞ የሚሰፋ ደግሞ በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኮሌታው ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ኮከብ ሁለት ዓመቷ ሳለ የፈላ ሽሮ አንገቷ ላይ ተገልብጦባታል። እናቷ አማከለች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ለጎረቤት ወሬ እያወራሁ ነበር፤ ወሬው ምን እንደነበረ ዛሬ አላስታውሰውም። ጠባሳው ከጆሮዋ ሥር እስከ ማጅራቷ ይወርዳል። ሙሽራው፣ ማዕረግ፣ ጠባሳውን ያውቃል፣ ግድም የለው። ልጄ የምትፈራው ከራቤል የሚመጡትን አማቶቿን ዓይን ነው። እኔ የምፈራው "ምን ሆና ነው?" የሚለውን ጥያቄ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ "በሕፃንነቷ ነው" እያልኩ አልፌዋለሁ።

በሑዳዴ፣ ሰው የሌለበትን ቀን መርጬ ይዣት ሄድኩ።

"በጾም አልለካም" አሉኝ። "የጾም ልክ ልክ ነው? ዛሬ ለክቻት፣ ፋሲካ ዶሮዋን በልታ ስፌቴን ብትተረትረውስ? የታችኛውን ሰፍቼ እጠብቃለሁ፤ ደረቷንና አንገቷን ሲፈሰክ አምጣልኝ።"

ከፋሲካ በኋላ መርፌ የሚያነሱበት ቀን ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። ደጃፋቸው ላይ በግ የሚጎትተው፣ ገብስ የተሸከመው፣ ወረፋ የያዘው ተኮልኩሏል።

"እትዬ፣ ከውስጥ ገባ ብንል?" አልኩ።

"ከውስጥ ጨለማ ነው። ዓይኔን እንደ ድሮው አደረግኸው? ነይ ልጄ፣ ነጠላሽን አውርጂ። አትተንፍሺ!"

ኮከብ ነጠላዋን አወረደች። ትንፋሹ የቆመው የኔ ነው።

እጃቸው ጠባሳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከንፈራቸው ላይ ያሉት መርፌዎችም ቆሙ። ጠላ ሻጯ ጠጄ ከወረፋው ውስጥ አንገቷን አሰገገች። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

"አንተ ፈንታ!" አሉ፣ ገበያው እስኪሰማ። "እስኪ ብርሃን ላይ ቁም! ባርኔጣህን አውልቅ!"

አወለቅኩ።

"ኧረ ሰዎች፣ የዚህን ሰውዬ አንገት ያየ! ጭንቅላቱን እንደ ቅል ትከሻው ላይ አስቀምጠውለት ነው የሄዱት! ዙር እስኪ! ይኸው፣ ከኋላም የለም! ጠጄ፣ አንቺ አገኘሽለት?"

"ከጆሮው ሥር ይፈልጉት እትዬ!" አለች ጠጄ።

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞሮ በሳቅ ወደቀ። ባለ በጉ ገመዱን ለቆ በጉ አመለጠው። እኔ እንደታዘዝኩት ስዞር፣ እትዬ ጥሩሸዋ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል የልጄን አንገት ለክተው፣ ነጠላዋን መልሰው አልብሰዋታል። በዕድሜዬ ስድብ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ቀሚሱን ልንወስድ ሄድን። ኮሌታው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጠባሳው ድራሹም አይታይ። ግን ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ኮሌታውን ከቀሚሱ ጋር ያያዘው በረጅም በረጅሙ ወጋ ወጋ የተደረገ አንድ ክር ነው።

"እትዬ፣ ይሄ ቢለቅስ?"

"እንዲለቅ ነው የሰፋሁት። ኮከብ፣ የክሩ ጫፍ እዚህ ጋ ነው። ካሰኘሽ ሳቢው። ካላሰኘሽ ከሠርጉ በኋላ ነይ፣ አጠብቅልሻለሁ።"

በሠርጉ ቀን ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እኔ የማየው ያችን የክር ጫፍ ነው። ጭፈራው ሲሞቅ ኮከብ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። በዓይኔ ለመንኳት። ሳበችው። ኮሌታው እጇ ላይ ቀረ።

የማዕረግ አክስት ብርነሽ ደረቷን ያዘች። "ውይ የኔ ልጅ! ምን ሆነሽ ነው?"

ከበሮው ጋብ አለ። የምገባበት ጠፋኝ።

"አባቴ ወሬ ሲያወራ ሽሮ ተገልብጦብኝ" አለች ኮከብ፣ እኔን እያየች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

እትዬ ጥሩሸዋ ከዳሱ ጥግ ጠላቸውን አስቀመጡ።

"ወሬውስ እንኳ የሚሰማ ቢሆን!" አሉ።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ብርነሽ እየሳቀች ኮከብን አቅፋ ሳመቻት፣ ከበሮውም ቀጠለ። ሃያ ዓመት የፈራሁትን ነገር ሰው ሁሉ ሰማው፤ ሰምቶም በላ፣ ጠጣ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን ለራሴ የኮት ጨርቅ ገዝቻለሁ። እትዬ ጥሩሸዋ ዘንድ የምወስደው በገበያ ቀን ነው።