ከአምስት ስንተኛ?

የሀገሬ ሰው አስተያየት አይሰጥም፤ የሚሰጠው ወይ ምርቃት ነው ወይ ስድብ! መሀሉ ባዶ ነው። ካላመናችሁኝ የየመሥሪያ ቤታችሁን የአስተያየት መስጫ ሳጥን ክፈቱት… ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ከተገኘ ማለቴ ነው። የእኛ ቢሮ ሳጥን ባለፈው ሲከፈት የተገኘው አንድ የማስቲካ ወረቀትና "በርቱ" የሚል ብጣሽ ነበር። በምን እንደምንበረታ አልተጻፈም።

ሰላም እባላለሁ፤ አዳማ እያደርኩ ሞጆ የምሠራ ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከደረቅ ወደቡ እንዲወጣ ወረቀት ይዤ ከመስኮት መስኮት እሮጣለሁ ማለት ነው። ሥራችንን የሚያቀልልን አንድ የውይይት ድረ ገጽ አለን፤ ሾፌሩም ትራንዚተሩም እዚያ ይጽፋል። የትኛው በር ተከፈተ? ጭነቱ መቼ ነው? ዱከም ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል ወይ? ስልካችን ላይ ባለው ግሩፕ የተጻፈ ነገር እስከ ከሰዓት ድረስ በ"እንዴት አደራችሁ" ጎርፍ ይወሰዳል፤ ይሄኛው ግን የአምናውንም ፈልጎ ያመጣል። ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው። የጎደለውን እንዲሞሉለት ከኋላው ትንንሽ ፕሮግራሞች ይቀጠሉለታል፤ ፕለጊን ይሏቸዋል። የሞጆ ሾፌር ግን ከኋላ የሚቀጠልን ነገር የሚያውቀው በአንድ ስም ብቻ ነው… ተሳቢ!

አንዷን ተሳቢ የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ከቪዲዮ ተምሬ። ምክንያቴ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦቦ ገመቹ የድረ ገጻችን ሊቀመንበር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጅቡቲን መንገድ የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ድረ ገጹ "ጭነት 8:00" አላቸው። በፈረንጅ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። እሳቸው ምሳቸውን በልተው፣ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ፣ በስምንት ሰዓት ከች! ጭነቱ ለሌላ መኪና ተሰጥቶ ሄዷል። የዚያን ቀን ፊታቸውን አይቼ ነው ሰዓቱንም ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር የምትመልስ ተሳቢ የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ በሰዓት የተበላ ሾፌር የለም።

እነዚህ ተሳቢዎች የሚደረደሩበት የፈረንጅ ገበያ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ። እዚያ ያልተደረደረች ተሳቢ አትሠራም። አደራደሩን ግን ማን እንደሚሠራው እንጃ… የእኔዋን "ቀልድና ጨዋታ" የሚል መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት! ዓመቱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስትጎትት፣ ወሩን አሥራ ሦስት ስታደርግ ሲያዩ የምንቀልድ መስሏቸዋል። "ኧረ ይሄ የአንድ ሀገር የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከቀን መቁጠሪያዎቹ ጋር አስቀምጡልኝ" ብዬ ጻፍኩ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ደግመው አመሰገኑኝ። ምስጋና ደም እንደሚያፈላ ያወቅሁት ያኔ ነው!

ሰኞ ዕለት ደግሞ ደብዳቤ መጣ። እስከ ዓርብ ድረስ የተጠቃሚዎች አማካይ ነጥቧ ከአምስት ሦስት ካልደረሰ ተሳቢዋ ከመደርደሪያው ትወርዳለች ይላል። እስከዚያ ቀን ነጥብ የሰጧት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ። ምን ታዩኛላችሁ? የራሷን ወጥ የምታማ ማን አለች? ከወረደች ግን ኦቦ ገመቹ ወደዚያ ስምንት ሰዓታቸው ተመለሱ ማለት ነው።

ስለዚህ የድረ ገጻችን ግርጌ ላይ በአማርኛ አንድ ሳጥን አስቀመጥኩ፦ "ለዚህች ተሳቢ ደረጃ ይስጡ፦ 1 2 3 4 5"። የተሰጠው ቁጥር ቀጥታ ወደ ፈረንጁ ገበያ ይሄዳል። ሚኒባስ ውስጥ ለመንኩ፣ ምሳ ቤት ለመንኩ፣ የወደቡ በር ላይ ለመንኩ። "ችግር የለም እህቴ፣ ላንቺማ!" ያላለኝ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። አርባ ሰው ቁጥር ሰጥቷል። እልል ልል አፌን ስከፍት… 1። 1። 1። አንድ፣ አንድ፣ አንድ! ከሥሩ የጻፉትን ብታዩ ደግሞ ታብዳላችሁ። "እጅሽ ይባረክ!" አንድ። "ገለቶሚ እህቴ፣ ከሰዓት አቆጣጠር ጭቅጭቅ ገላገልሽን!" አንድ። ኦቦ ገመቹ ራሳቸው፣ "ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!"… አንድ! በአፋቸው መርቀው በጣታቸው ቀበሩኝ። የአንገት በላይ ፍቅር ማለት ይሄ አይደል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ይባስ ብሎ፣ ድምፅ ይብዛ ብዬ ያስገባሁት ባለቤቴ ዳንኤልም አንድ ሰጥቶኛል። ራት አልከለከልኩትም፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ያሳረፍኩበት ድምፅ ግን ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም።"

ያገባችሁ ወንዶች ይቺን "ምንም" ታውቋታላችሁ።

ከአርባው አንድ ሰው ብቻ አምስት ሰጠኝ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፍስሃ! ፍስሃ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ስህተቱን ደንበኛው ፊት ካረምኩበት ቀን ጀምሮ ሰላምታችን ተቋርጧል። የግድ መነጋገር ሲመጣ አንቱ እንባባላለን፤ እንዲህ ዓይነት አክብሮት ጠላታችሁም አይድረሰው። አምስቱ ሥር "የሚገባዎትን ሰጥቻለሁ" ብሎ ጽፏል። አነበብኩትና አለቀስኩ። ለካ ሰው ማለት ጠላት ነው!

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሞጆ ምሳ ቤት ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ጥብስ አዘዝኩለት።

"አቶ ፍስሃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነዎት።"

"ምነው… ሰው ሞተ እንዴ?"

"የለም፣ እውነተኛ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት!" አልኩና በእጄ አጎረስኩት።

ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ውሃ ጠጣ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንቱታውን ጣለና፣ "ሰላም፣ ይቅር በይኝ" አለኝ። "በንዴት ነው እንጂ አንቺ አምስተኛ የምትባይ ሴት አይደለሽም።"

"ምን… ተኛ?"

"አምስተኛ ነዋ! ሁሉም አንደኛ፣ አንደኛ ሲሉሽ ደሜ ፈላና… ከአምስት አምስተኛ አልኩሽ። ጭራ!"

ጥብሱን ረሳሁት። ደረጃ! እስቲ የትምህርት ቤት ካርዳችሁን አስታውሱ። ከታች "ደረጃ" የሚል አለ፤ አባት ካርዱን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እዚያ ላይ አንድ ያመጣ ይሳማል፣ አምስት ያመጣ "ምን ጎደለብህ?" ይባላል። "ነጥብ ስጡ" ማለት ሲገባኝ "ደረጃ ስጡ" ብዬ የጻፍኩት ደግሞ ማንም አይደለም፣ እኔው ነኝ! ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ከልቡ አንደኛ ብሎኝ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፍጌው ከረምኩ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ሮጬ ኦቦ ገመቹ ጋ ሄድኩ። መኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ? ኩርፊያው ለቀቀሽ?"

"ኦቦ ገመቹ፣ በፈጠረዎት፣ የሰጡኝን አንድ ወደ አምስት ይቀይሩልኝ!"

"አምስተኛ? በእኔ እጅ? በፍጹም!"

"አምስት እኮ ነው ትልቁ! የሆቴል ኮከብ ያስቡት እስቲ። አዳማ ውስጥ የሚበልጠው ባለ አምስት ኮከቡ ነው ባለ አንዱ?"

"እሱ ኮከብ ነው። አንቺ ኮከብ አላልሽም፤ ደረጃ ነው ያልሽው። እህል ቤት ገብተሽ 'አምስተኛ ደረጃ ጤፍ ስጡኝ' ብለሽ ታውቂያለሽ?"

እውነታቸውን ነው። "ተሳቢዋ ከወረደች ሰዓቱ ወደ ፈረንጅ ይመለሳል" ስላቸው ግን ከተቀመጡበት ተነሡ። ያቺ ያመለጠቻቸው ጭነት ትዝ አለቻቸው መሰለኝ። ስልካቸውን አወጡና ድረ ገጹ ላይ ጻፉ፦ "ወንድሞችና እህቶች፣ ልጃችንን ለማዳን ሁላችሁም አምስተኛ በሏት። ስድብ አይደለም፤ በኋላ ይብራራል።"

ቤት ገብቼ ዳንኤልን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጎ አስቀመጠው። "ምን ሆነህ ነው?" ብለው፣ "ምንም" አለኝ። ይገባኛል።

ዓርብ ጠዋት ሠላሳ ዘጠኙም አምስት ሆነዋል። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው… ፍስሃ። ጥብሱን ከበላ በኋላ፣ የኦቦ ገመቹን መልእክት ሳያይ፣ በጸጸት አምስቱን ወደ አንድ ቀይሮታል! "ከልቤ ነው እህቴ፣ አንደኛ ነሽ" ብሎ። መልስልኝ ልለው አልኩና ተውኩት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከአፉ የወጣች ምርቃት ናት።

ከሰዓት ደብዳቤው መጣ። "እንኳን ደስ አለዎት፤ ተሳቢዎ መደርደሪያው ላይ ትቆያለች። በተጠቃሚዎች ነጥብም ከምድቧ ቁጥር 1 ሆናለች።" ምድቧን አየሁት… ቀልድና ጨዋታ።

እየተቃጠልኩ ስልኬን ይዤ ኦቦ ገመቹ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ደብዳቤውን በሙሉ ዘለው ቁጥሯ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና ሾፌሮቹን ሁሉ ተጣሩ።

"አንደኛ ናት ብዬ ነበር! ይኸው ፈረንጁም አንድ ብሏታል" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ያቺን አምስተኛ ግን ለምን እንዳስባልሽን… እስካሁን አልገባኝም።"